አንዱ ጫፍ ከጣት ላይ

በመሥሪያ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ፣ ከማኅተሙና ብር ከምናስርባቸው ላስቲኮች ጎን፣ አንድ ያረጀ የካልሲ ኳስ ተቀምጧል። የሥራ ባልደረቦቼ ብዙ ጊዜ ስቀውበታል። አንዱ «ሒሳብ ሲጎድልብህ የምትወረውረው ነው?» ይለኛል፤ ሌላዋ ደግሞ «ግጥም አልመጣ ሲልህ የምትጨብጠው ይሆናል» ትላለች። ሁለቱም ተሳስተዋል። ይህ ኳስ በ2011 ዓ.ም. ክረምት፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ አንድ የሰባ ሁለት ዓመት ገበሬ፣ አንድ የባንክ ሠራተኛና አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆነን ከሠራነው ዕቃ ውስጥ ያልተሳካው የመጀመሪያው ሙከራ ነው። የተሳካው ባሕር ተሻግሮ ሄዷል። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚያ ዕቃ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ «ወንድም ጋሼ» የምለው፣ በ1995 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄደ። ያን ጊዜ እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ሜሪላንድ ገባ፤ ሠራ፤ አገባ፤ ሴት ልጅ ወለደ። እናታችን በ2002 ዓ.ም. ስታርፍ ግን ለቀብር አልመጣም። ወረቀቱ አላለቀም ነበር፤ ከወጣ መመለሻ አልነበረውም። አባቴ ምክንያቱን በስልክ ሰምተው «እሺ» አሉ። ከዚያ ወዲህ «ደኅና ነህ? ልጅህ ደኅና ናት? እግዜር ይስጥልኝ» ከማለት በቀር ቃል አልጨመሩለትም። ሦስቱን ቃል ተናግረው ስልኩን ወደ እኔ ያቀብሉኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሆነ። አልተቆጡም፤ አልረገሙም፤ እንዲያው አልተቀበሉትም።

በ2011 ሐምሌ ወር መጀመሪያ ወንድም ጋሼ ልጁን ይዞ መጣ። አሥር ቀን ሰነበተ። በአሥሩ ቀን እርሱና አባቴ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋና ስለ መንገዱ አወሩ። ስለ እናታችን አልተነሣም። በአሥራ አንደኛው ቀን ሥራ ጠራውና ተመለሰ፤ ልጅቱን ግን «አማርኛ ትልመድ፣ አያቷንም ትወቅ» ብሎ እስከ ነሐሴ አጋማሽ እኛ ዘንድ ተዋት።

ሻንጣዋን ስትከፍት ከልብሷ በፊት የወጣው አንድ የቆዳ ጓንትና ቀይ ስፌት ያለበት ብሩህ ቢጫ ኳስ ነበር። ሶፍትቦል ትጫወታለች። ወርዋሪ ናት። ነሐሴ መጨረሻ ለቡድን መመረጫ ፈተና አለባትና አሠልጣኟ በየቀኑ እንድትለማመድ አዝዘዋታል።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ሶፍትቦል የቤዝቦል ታናሽ ዘመድ ነው። ኳሱ ከስሙ በተቃራኒ ለስላሳ አይደለም፤ ዙሪያው 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ178 እስከ 198 ግራም ነው። በቤዝቦል ወርዋሪው ከትከሻው በላይ ይወረውራል። በሶፍትቦል ግን ኳሱ የሚወጣው ከታች ነው፤ ክንድ እንደ ንፋስ ወፍጮ ሙሉ ክብ ዞሮ ኳሱ ከዳሌ አጠገብ ይለቀቃል። በእርሷ ዕድሜ ከወርዋሪዋ እስከ መቺዋ ያለው ርቀት 13 ሜትር ያህል ነው። ኳሱ በማይታይ መስኮት ውስጥ ማለፍ አለበት፤ የመስኮቱ ስፋት 43 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ከመቺዋ ጉልበት እስከ ብብቷ ነው። ከመስኮቱ ኋላ ተቀባይዋ ጓንቷን ዘርግታ ትቀመጣለች።

የእኛ ችግር ከዚህ ላይ ጀመረ። ተቀባይ የለም።

በመጀመሪያው ቀን እኔ ግቢያችን ውስጥ ተቀባይ ሆንሁ። ሦስት ኳስ ወረወረች። አንዱ የጎረቤታችንን የቆርቆሮ በር መትቶ ሰፈሩን አስደነገጠ፤ ሁለተኛው ጭቃ ውስጥ ገባ፤ ሦስተኛውን በአውራ ጣቴ ተቀበልሁትና ለሳምንት ያህል ብር መቁጠር አቃተኝ። ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው አውራ ጣቱ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በማግስቱ ደግሞ ዝናቡ ወረደ። ከጮቄ ወደ እኛ የሚወርደው የሐምሌ ዝናብ ለማንም አይራራም፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ደመናውን በአፍንጫዋ የምትነካ ናት። ሜዳው ሁሉ ረግረግ ሆነ። ኳሱም ውኃ ጠጥቶ እንደ ድንች ከበደ።

ልጅቱ አላለቀሰችም፤ ግን ዝም አለች። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ኳሱን ከእጅ ወደ እጅ ታገላብጣለች። አባቴም በበረንዳው ሌላ ጫፍ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። በመካከላቸው አራት ሜትር የሚሆን ባዶ ሲሚንቶ አለ። እርሷ አማርኛ ብዙ አትችልም፤ እርሳቸው እንግሊዝኛ አይችሉም።

እኔ ጉዳዩን እንደ ተማረ ሰው ልፈታው ተነሣሁ። የሚያስፈልገን በሻንጣ የሚገባ፣ በአራት ሜትር በረንዳ ላይ የሚሠራ፣ ያለ ተቀባይ የሚያለማምድ ዕቃ ነው ብዬ በወረቀት ላይ ጻፍሁ። ከዚያም ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቄ ኳስ አደረግሁና ከብስክሌት ጎማ ውስጥ በወጣ ላስቲክ ከበረንዳው ምሰሶ ጋር አሰርሁት። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ ኳሱ ሲወረወር ላስቲኩ ይሳባል፣ ተመልሶም ይመጣል፤ ተቀባይ አያስፈልግም። ልጅቱ ክንዷን አዙራ ወረወረች። ኳሱ በርግጥ ተመለሰ። የተመለሰው ግን ወደ እርሷ አይደለም፤ ከጎኗ ቆሜ ስመለከት ግንባሬ ላይ አረፈ።

አባቴ ሳቁ። ወንድሜ ከመጣ ጀምሮ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው «የሚመለስ ድንጋይ ወንጭፈኛውን ነው የሚመታው» አሉ። ቀጥለውም ወደ ልጅቱ ተመልክተው እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፤

«ይህችን ልጅ ወንጭፍ ማን አስተማራት?»

የዕቃው እውነተኛ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። እኔ የአሜሪካ ጨዋታ አየሁ፤ እርሳቸው ወንጭፍ አዩ።

አባቴ ያደጉት ከጎዛምን ደጋ ወርዶ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘነብለው ቆላ ነው። እዚያ ማሽላ ሲያፈራ ከእርሻው መካከል ማማ ይሠራል፤ ልጅ በማማው ላይ ወጥቶ ወፍና ዝንጀሮ ይጠብቃል። የጥበቃው መሣሪያ ወንጭፍ ነው። ከቃጫ የተጎነጎነ ገመድ ነው፤ በመካከሉ ድንጋይ የሚያቅፍ ሰፋ ያለ ቦታ አለው። አንዱ ጫፍ ቀለበት አለው፤ በጣት ይጠለቃል። ሌላው ጫፍ ቋጠሮ ብቻ ነው፤ በሁለት ጣት ይያዛል። ክንድ ዞሮ ጊዜው ሲደርስ ቋጠሮው ይለቀቃል፤ ድንጋዩ ይሄዳል፤ ገመዱ ግን በቀለበቱ ከጣት ላይ ይቀራል። ቋንቋችን ይህን ዕቃ አልረሳውም፤ ዛሬ አህጉር የሚያቋርጠውን ሚሳኤል እንኳ «ተወንጫፊ» ብለን የጠራነው ከማሽላ ጠባቂው ልጅ ተበድረን ነው።

አባቴ ከበረንዳው ተነሥተው፣ በባዶ እጃቸው፣ የልጅቱን እንቅስቃሴ ሠርተው አሳዩ። ልጅቱ ዓይኗ ፈጠጠ። «አባባ፣ አንተ ሶፍትቦል ታውቃለህ?» አለች። «አንተ» ማለቷን ላርማት አፌን ስከፍት አባቴ በእጃቸው ከለከሉኝ። «ተዋት። እግዜርም የሚጠራው ‹አንተ› ተብሎ ነው» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ አስተርጓሚ፣ አባቴ መምህር ሆኑ። መጀመሪያ ያዩት ስሕተቷን ነው። ኳሷ ወደ ላይ ይሄድ ነበር፤ አሠልጣኟም ይህንኑ ነግረዋት ኖሯል። አባቴ ወዲያው «ዘግይታ ትለቃለች» አሉ። ነገሩ ቀላል ነው። ክንድ ከታች በሚዞርበት ጊዜ ኳሱ ቀድሞ ከተለቀቀ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ዘግይቶ ከተለቀቀ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ክንዱ በክቡ ግርጌ ሲያልፍ ባለችው ቅጽበት ነው። ያቺ ቅጽበት በዓይን አትታይም፤ በጣት ትሰማለች እንጂ። የእኔ ላስቲክ ጥፋቱ ይኸው ነበር፤ ጣቷ ሳይወስን ላስቲኩ ይጎትታት ነበርና መልቀቅን አያስተምራትም።

ሁለተኛም እንዲህ አሉ፤ «ደጋግሞ የሚያዞር ጀማሪ ነው። እርሱ ሲያዞር ዝንጀሮው አይቶ ይሸሻል። አዋቂ አንዴ ብቻ ያዞራል።» ይህን ስተረጉምላት ልጅቱ ሳቀች፤ በጨዋታዋም ሕግ ክንድን ደጋግሞ ማዞር ክልክል ነው።

ዕቃው በሦስት ሳምንት ተሠራ። ሦስት ክፍል ነበረው፤ እያንዳንዱም የወደቀ ሙከራ አለው።

የመጀመሪያው ክፍል ኳሱ ነው። አባቴ ወንጭፍ ጎነጎኑ፤ ግን ድንጋይ የሚያቅፈውን ቦታ ኪስ አድርገው ኳሱን ከውስጡ ሰፉበት። ቀለበቱን በጣት ፋንታ ለእጅ አንጓ አደረጉት፤ ሲጎትት እንዳይቆርጣት በአሮጌ ነጠላ ጠቀለሉት። ልጅቱ ቀለበቱን አንጓዋ ላይ ታጠልቃለች፤ ኳሱን ትይዛለች፤ ክንዷን አዙራ ትለቃለች፤ ኳሱም የገመዱን ያህል ሄዶ ወለሉ ላይ ይወድቃል። መልቀቅ አለ፤ መጥፋት የለም። በአራት ሜትር በረንዳ ላይ በሰዓት መቶ ጊዜ መልቀቅ ይቻላል። ገመዱ መጀመሪያ አንድ ክንድ ነበር፤ እጇን መንጭቆ አሳመማት። ሁለት ክንድ ተኩል ሲሆን ኳሱ ጉልበቱን ጨርሶ የሚወድቅ ሆነ። የኳሱን ክብደት ለማስተካከል ስንዴ ጨመርንበት፤ እኔም ከሰፈራችን ባለሱቅ ሚዛን ላይ ወስጄ መዘንሁ። ባለሱቋ «ምን ልትሸጥ ነው?» አለችኝ። መቶ ሰማንያ አምስት ግራም ሲሞላ ከሎተሪ የደረሰኝ ያህል ደስ አለኝ።

ሁለተኛው ክፍል መስኮቱ ነው። ከአንድ ቀርቀሃ ላይ ሁለት ገመድ በ43 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አንጠለጠልን፤ ሁለት ቀይ ጥብጣብ አግድም አሰርን። ቋጠሮው እንደ መቺዋ ቁመት ከፍና ዝቅ ይላል። የማይታየው መስኮት ታየ። ከዚህ በፊት እኔ በካርቶን ላይ ቀዳዳ ቀድጄ ሠርቼ ነበር፤ በሁለተኛው ውርወራ ተቀደደ። ገመድ ግን ሲመታ ይወዛወዛል እንጂ አይሰበርም፤ ሲጠቀለል በጡጫ ውስጥ ይገባል።

ሦስተኛው ኳሱ በእውነት ሲወረወር የሚቀበለው ነው። ዝናቡ ሲያባራ ልጅቱ ሙሉውን 13 ሜትር ትፈልግ ነበር። እኔ የወባ አጎበር ገዝቼ በሁለት ችካል መካከል ወጠርሁት። ኳሱ በስቶ አለፈ። አባቴ ምንም ሳይሉ ገብተው የድሮ ባናቸውን አመጡ፤ ከላይ ብቻ አስረው ታችውን ተዉት። ኳሱ መጣ፤ ባናው ወደ ኋላ ሸሸ፤ ኳሱ ሞቶ ከሥሩ ወደቀ። «የተወጠረ ይቀደዳል፤ የላላ ይቀበላል» አሉ። ዩኒቨርሲቲ ስማር ያጠናሁት ፊዚክስ ይኸው ነበር፤ የሚቆምበት ጊዜ ሲረዝም የሚያርፈው ኃይል ይቀንሳል። ፈተናውን አልፌዋለሁ፤ ባናው እስኪመጣ ድረስ ግን አልገባኝም ነበር።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ከሻማ ዙሪያ ተቀምጠን ልጅቱ የጨዋታዋን አመጣጥ አወራችን። እ.ኤ.አ. በ1887፣ ቺካጎ ከተማ፣ በኅዳር ብርድ፣ ሰዎች በአንድ የጀልባ ክበብ አዳራሽ ተሰብስበው የአሜሪካ እግር ኳስ ውጤት ሲጠብቁ አንዱ ያረጀ የቦክስ ጓንት ወረወረ፤ ሌላው በዱላ መታው። ጆርጅ ሃንኮክ የተባለ ሰው ጓንቱን በክር ጠቅልሎ ኳስ አደረገው፤ የመጥረጊያ እጀታም መምቻ ሆነ። ሶፍትቦል የተወለደው እንዲህ ነው፤ ብርድ ቤት ውስጥ የዘጋባቸው ሰዎች በእጃቸው ከተገኘው ሠሩት። አባቴ ሰምተው ሲያበቁ «እንግዲያማ የገና ጨዋታ ዘመድ ነው» አሉ። እረኛ ቆልማማ ዱላ ከዱር ይቆርጣል፤ ሩሩን ከእንጨት ይጠርባል ወይም ከቆዳ ይሰፋል፤ በገና ዕለት ሜዳ ይወጣል። ማንም ከሱቅ አይገዛም። ያን ማታ ልጅቱ ወደ አያቷ ጋቢ ተጠግታ ተቀመጠች። አራት ሜትሩ ባዶ ሲሚንቶ አልነበረም።

ነሐሴ ሲገባ የሰፈሩ ልጆች ለቡሄ ጅራፍ ያጮሁ ጀመር። ልጅቱ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ጠየቀች። የጅራፍ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት ስለሚያልፍ መጮኹን እኔ አንብቤ አውቅ ነበርና ነገርኋት። አባቴ ግን ሌላ ነገር አሳዩአት። ጅራፉን ይዘው አንዴ በረጅሙ ወሰዱት፤ አልጮኸም። ሁለተኛ ወሰዱትና እጃቸውን በድንገት ገቱት፤ ሰፈሩ ተሰነጠቀ። «ጅራፍ የሚጮኸው ስትሰጂው አይደለም፤ እጅሽን ስታቆሚው ነው። ጉልበቱ ወደ ጫፉ የሚሄደው ያን ጊዜ ነው።» አሠልጣኟ አንድ ዓመት ሙሉ ሊያስረዱአት የደከሙት ይህንኑ ነበር፤ ክንድ ዳሌ ሲደርስ ቀጥ ማለቱ፣ አንጓ ሲወረወር ጣት መጨረሻ መሆኑ። በማግስቱ ከባናው ፊት ቆማ ወረወረች። ኳሱ በሁለቱ ገመዶች መካከል፣ ከቀዩ ጥብጣብ በታች አለፈ። ቀጥላም አሳለፈች። ከአሥር ሰባቱን አሳለፈች። አባቴ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር።

መሄጃዋ ሲደርስ ዕቃውን የመጫን ነገር መጣ። እኔ ሁሉንም በዝርዝር ጽፌ ሚዛን ላይ ላወጣ ስል አባቴ «ስንቅ ማለት መንገድ ላይ የማይገኝ ነው» አሉ። ባናው ይቅር፤ ብርድ ልብስ የሌለበት አገር የለም። ቀርቀሃውም ይቅር፤ መጥረጊያ የሌለበት ቤት የለም። የሚሄዱት ገመዶቹ፣ ጥብጣቦቹና የተሰፋው ኳስ ብቻ ሆኑ። ሁሉም አንድ የሹራብ ኪስ ውስጥ ገቡ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ነገር ግን ስለ ተንቀሳቃሽ ዕቃ አሠራር ከዚህ የተሻለ ትምህርት እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

አንድ ችግር ቀረ። ኳሱ ውስጥ ስንዴ አለ፤ አሜሪካ ደግሞ ዘር ይዞ መግባት ያስጠይቃል። ለአባቴ ነገርኋቸው። በማግስቱ ማለዳ ሳይነግሩን ወጡ። ወደ ቆላው ወረዱ፤ ማታ ጭቃ ለብሰው ተመለሱ። ከኪሳቸው አንድ የወንዝ ጠጠር የምትመስል ድቡልቡል ድንጋይ አወጡ፤ በሳሙና አጠቧት፤ በሱፍ ጠቅልለው ስንዴው በነበረበት ሰፏት። ከየት እንዳመጧት ስጠይቃቸው «ከማማው ሥር» አሉ። ማማው ራሱ ከፈረሰ ዘመን አልፎታል። ለጥበቃ የተለቀሙ ድንጋዮች ግን እዚያው ክምር ሆነው አሉ። ከእነዚያ ድንጋዮች ብዙዎቹን የለቀመው ወንድም ጋሼ ነበር፤ ልጅ ሆኖ በዚያ ማማ ላይ ሦስት መኸር ጠብቋል። አባቴ ይህን አልተናገሩም። እኔም አልጠየቅሁም።

ልጅቱ ሄደች። ፈተናውን አለፈች። ዕቃው በሜሪላንዱ ቤት ምድር ቤት ውስጥ በመጥረጊያ እጀታ ላይ ተሰቀለ፤ ፎቶግራፉ ደረሰን። እኔ ይህን ነገር እኛ የፈጠርነው መስሎኝ ብዙ ጊዜ ኮራሁ። በኋላ ሳነብ ብራንች ሪኪ የተባለው ዝነኛ የቤዝቦል ሰው፣ ያው እ.ኤ.አ. በ1947 ጃኪ ሮቢንሰንን ወደ ትልቁ ሊግ ያስገባው፣ ወርዋሪዎቹን በገመድ በተሠራ መስኮት ያለማምድ እንደ ነበር አገኘሁ። ለአባቴ ነገርኋቸው። አልከፉም። «ልጅ ጠባቂ ነበር ማለት ነው» አሉ።

አባቴ በ2013 ዓ.ም. ጥር ወር አረፉ። ወንድም ጋሼ አሁንም አልመጣም። በኮሮና ተይዞ ቤተሰቡን ላለማስያዝ ራሱን ምድር ቤት ዘግቶ ነበር። ምክንያቱን በስልክ ሲነግረኝ በአፌ ላይ የመጣው አንድ ቃል ነው፤ «እሺ»። የአባቴን «እሺ» ያህል ቀዝቃዛ ነበር። ስልኩን የማቀብለው ሰው ቢኖር አቀብለው ነበር። ቀብረን የተመለስን ማታ ደግሞ ደወለ። ላለማንሣት ፈለግሁ። አነሣሁ።

«ቀብሩ በስንት ሰዓት ነበር?» አለኝ።

«በዘጠኝ።»

«እዚህ ንጋት አንድ ሰዓት ነው። ልክ ነው» አለና ዝም አለ። ከዚያም በቀስታ ነገረኝ። በዚያች ሰዓት ምድር ቤት ውስጥ ብቻውን የልጁን ወንጭፍ አንጓው ላይ አጥልቆ እየወረወረ ነበር። የሚቀበለው ሰው አልነበረም፤ ልጁ ከበሩ ውጭ ሆና ኳሱ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ትቆጥር ነበር። ሰባ ሦስት ጊዜ ወረወረ፤ አባታችን ሲያርፉ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነበር።

«ኳሱ ውስጥ ጠጣር ነገር አለ» አለኝ። «ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው።»

«ከየት የመጣ?»

«ከማማው ሥር። ራሳቸው ወርደው ያመጡት ነው።»

ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ የሰማሁት ትንፋሹን ብቻ ነው። ስልኩን አልዘጋሁም። አባቴ ዘጠኝ ዓመት በአፋቸው ያልመለሱለትን መልስ በእጃቸው ሰፍተው ልከውለት እንደ ነበር ያን ማታ ለሁለታችንም ገባን። እኔ ራሴ መርፌውን ሳቀብላቸው አላየሁትም። ስለ እናታችን የተነጋገርነውም ያን ሌሊት ነው፤ ሲነጋ ጨረስን።

ልጅቱ ዛሬ የሃያ ዓመት ኮሌጅ ተማሪ ናት። ሶፍትቦል መጫወት ትታለች፤ ትከሻዋን አመማት፤ ከዚያም ሌላ ፍቅር መጣ። ወንጭፉ ግን ከክፍሏ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። «አባባ፣ አንተ» የምትላቸው አያቷን አሁንም በአንተ ትጠራቸዋለች። ወንድም ጋሼ በየሳምንቱ እሑድ ይደውላል፤ እኔም አነሣለሁ። የእኔ ድርሻ ሆኖ የቀረው ግንባሬን የመታኝ የካልሲ ኳስ ነው። መሳቢያዬን በከፈትሁ ቁጥር አየዋለሁ። ገንዘብ ገቢ በሚደረግበት ወረቀት ጀርባ ላይ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ እነዚህን አራት መስመሮች ጻፍሁ፤ ጥሩ ግጥም ስለሆኑ ሳይሆን ከወጉ ስለማይነጠሉ እነሆ፤

አንዱ ጫፍ ሲለቀቅ ድንጋዩ ሲበርር፣
አንዱ ጫፍ ከጣት ላይ ተጠምጥሞ ሲኖር፤
የሄደው ድንጋይ ነው ዞሮ የማይመጣ፣
ገመዱ ግን አለ ከእጅ ላይ ያልወጣ።